የመሪ ቴስቲኒ ሲላላ፦ የትኛውን ዕቃ ልግዛ? ቤት ልሥራው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?

ጎንደር ውስጥ ያረጀ መኪና የያዘ ሰው መሪው መላላት ሲጀምር ምክር አይቸግረውም። አንዱ «ጂኒዩን ካልሆነ አትንካው» ይላል፤ መኪናውን የሠራው ኩባንያ ራሱ ያወጣውን ዕቃ ማለቱ ነው። ሌላው «ምን አስጨነቀህ፣ ኮፒው ይበቃል» ይላል። ሦስተኛው ያገለገለ ዕቃ የሚያወጣ ሰው ስልክ ይሰጣል። መካኒኩ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ካልተቀየረ ብሎ ድርቅ ይላል። አራቱም እንደ ሁኔታው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ስለ የትኛው ዕቃ እንደሚያወሩ ማንም አይናገርም። ነገሩን ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው።

የኔ አቋም አጭር ነው። ገንዘብ ማዳን ከፈለጋችሁ ከጉልበት ዋጋው አድኑ። ከኳሷ ላይ አትቆጥቡ። ኳስ የምለው ቴስቲኒና ቦል ጆይንት ውስጥ ያለችውን ክብ ብረት ነው፤ ቴስቲኒ የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር፣ ቦል ጆይንት ደግሞ ጎማውን ከብራቾው፣ ማለትም ጎማውን ከሚይዘው የብረት ክንድ፣ ጋር ያያይዛል። ሌላው ሁሉ ይደራደራል።

ጉዳዩ አሁን ከድሮው ይበልጥ ያሳስባል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ዋጋው ተሰቀለ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ያለችንን ዲኤክስ፣ ኮሮላ፣ ቪትዝ ወይም ላዳ ጠግነን መንዳታችን ነው። ዋጋ በብር አልጽፍም። ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። የማወዳድረው አንዱ አማራጭ ከሌላው ምን ያህል እንደሚርቅ ነው።

መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለዩ

መሪ ሲንቀጠቀጥ ሁልጊዜ ቴስቲኒ አይደለም። የጎማ ንፋስ ለኩ። የቸርኬው ዳዶዎች መጥበቃቸውን እዩ። ፈጠን ስትሉ ብቻ የሚንቀጠቀጥ መሪ ብዙ ጊዜ የባላንስ ጉዳይ ነው። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነ የፍሬን ዲስኩን ጠርጥሩ።

የቴስቲኒ ምልክት ሌላ ነው። ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ከፊት ቋ ቋ ይላል። ቀጥ ባለው የአዘዞ አስፋልት ላይ ደግሞ መሪውን በየጊዜው እያቀናችሁ ካልሄዳችሁ መኪናው ወዲያ ወዲህ ይላል። የፊት ጎማ አንድ ጠርዙ ብቻ ተበልቶ ታገኙታላችሁ።

ጥሩው መፈተሻ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ መሪውን በትንሹ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ቶሎ ቶሎ ያነቃንቅ። እናንተ ከጎማው ጀርባ እጃችሁን አስገቡና ጣታችሁን በቴስቲኒውና እሱን በያዘው ብረት መገናኛ ላይ አሳርፉ። ጤነኛ ከሆነ ሁለቱ ብረቶች አብረው ይሄዳሉ። ከሞተ አንዱ ቀድሞ ሌላው ይዘገያል፤ ጣታችሁ ሥር ጠቅ ጠቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ላስቲኩም ተቀዶ፣ ግሪሱ ከመንገዱ አቧራ ጋር ተቦክቶ ጥቁር ሊጥ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ከዚያ ጎማውን አንሱ። በግራና በቀኝ ይዛችሁ ስትገፉና ስትስቡ የሚጫወት ከሆነ የመሪ ዕቃ ነው። ከላይና ከታች ይዛችሁ ከተጫወተ ወይ ቦል ጆይንት ወይ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝ። ፍሬኑ ተይዞ ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን ተመልከቱ።

መኪናችሁ ምን ዓይነት መሪ እንዳለውም እወቁ። ቪትዝና የፊት ጎማ የሚነዳቸው ኮሮላዎች የመሪ ራክ፣ ማለትም መሪው ሲዞር ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄድ ባለጥርስ ዘንግ፣ አላቸው፤ ከራኩ ጫፍ ራክ ኤንድ፣ ከሱ ቀጥሎ ቴስቲኒ ይመጣል። ላዳ፣ የድሮ ሃይሉክስና ብዙዎቹ ዲኤክሶች የመሪ ሳጥን ነው ያላቸው፤ በሌላው ወገን ደግሞ አይድለር የሚባል ክንድ አለ። በነዚህ መኪኖች ሰው ቴስቲኒ እየቀያየረ የሚቸገረው ብዙ ጊዜ የአይድለሩ ቦኮላ (ክንዱ የሚዞርበት ቀለበት) ስላለቀ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይሄ ዕቃ ቢለቅ ምን ይፈጠራል? የራክ ላስቲክ ቢቀደድ ዛሬ ምንም አይሆንም፤ ቆይቶ ራኩን ያበላሻል። የስታቢላይዘር ሊንክ ቢሰበር ይንኳኳል፣ ጥምዝ ላይ መኪናው ይዘማል፤ መሪው ግን ከእጃችሁ አይወጣም። ቴስቲኒ ቢለቅ አንደኛው ጎማ ወደፈለገበት ይዞራል። የታችኛው ቦል ጆይንት ቢለቅ ደግሞ ጎማው ይታጠፍና መኪናው በአፍንጫው መሬት ይደፋል። ይሄ ከጎሃ ቁልቁለት ላይ ወይም ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞ ላይ ቢደርስ ምን ማለት እንደሆነ መተንተን አያስፈልግም።

ሁለተኛው በልክ መግጠሙ ነው። የቴስቲኒ እግር፣ ማለትም ከኳሷ የወጣው አጭር ዘንግ፣ ሾጣጣ ነው። ሾጣጣነቱ በትንሹ ቢለያይ ዳዶው ጠብቆም ውስጥ ለውስጥ ይጫወታል። ሦስተኛው እኛ መንገድ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ኮብልስቶን፣ የበጋ አቧራና የክረምት ጭቃ ላስቲክ ይፈትናሉ። አራተኛው የሚጠይቀው መሣሪያ ነው። አምስተኛው ጎንደር ላይ መገኘቱና ካልገጠመ መመለስ መቻሉ ነው።

የመጨረሻው ጠቅላላ ወጪ ነው። ብዙ ሰው የሚያወዳድረው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው። ግን ቴስቲኒ በተቀየረ ቁጥር አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አለ። ርካሹ ዕቃ በዓመት ሁለቴ ከተቀየረ ጉልበቱም አላይመንቱም ሁለት ጊዜ ይከፈላል። መሀል ላይ የሚበላው ጎማ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ዕቃው፦ አምስት ምርጫ

*ጂኒዩን።* በልክ ይገጥማል፣ ላስቲኩ ይቆያል። ችግሩ ዋጋው ነው። ለላዳና ለዲኤክስ ዓይነት መኪናም እንደልብ አይገኝም። በዚያ ላይ ካርቶን በቀላሉ ይታተማል። ሻጩ «ጂኒዩን ነው» ስላለ ብቻ የጂኒዩን ዋጋ አትክፈሉ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ብረቱ ላይ የተቀረጸው መመሳሰሉን እዩ። ካርቶኑ ተቀዶ የተለጠፈ ከሆነ ጠይቁ።

*ስም ያለው ሪፕሌስመንት።* መኪናውን የሠራው ኩባንያ ሳይሆን ሌላ የዕቃ ፋብሪካ በራሱ ስም የሚያወጣው ነው። የጃፓን፣ የታይዋን፣ የቱርክ አለ። ለአብዛኛው ሰው ሚዛን የሚደፋው ይሄኛው ይመስለኛል፤ ዋጋው ከጂኒዩን ይወርዳል፣ ዕድሜው ከተራው ኮፒ በብዙ ይሻላል። ችግሩ ስሙ የታወቀ ዕቃ ብዙ አስመሳይ አለው። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ዕቃውን መርምሩ።

ምርመራው ሱቁ ባንኮኒ ላይ ያልቃል። ባለፈው አንድ ሱቅ ገብቼ ለአንድ መኪና የሚሆኑ ሁለት ቴስቲኒዎች አወጣልኝ። ዋጋቸው በእጥፍ ይለያያል።

«ጋሼ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። ካርቶኑ ነው የሚለየው» አለኝ ልጁ።

«እስኪ ሁለቱንም ከላስቲክ አውጣልኝ፣ ልያቸው።»

የርካሹን እግር በጣቴ ስነካው ወዲያው ወደ ጎን ወደቀ። ኳሷ ቤቷ ውስጥ ልቅ ናት። የውዱን ለማዞር አውራ ጣቴን መጫን ነበረብኝ፤ እኩል እየተቃወመ፣ ሳይዘልል ዞረ። የርካሹ ላስቲክ ስስና ደረቅ ነው፣ አፉም በጠባብ የሽቦ ቀለበት አልታሰረም። ሾጣጣው ላይ የመቁረጫ ጭረት በጥፍር ይሰማል። ልጁም አይቶ ሳቀ። አዲስ ዕቃ ገና ሳይገጠም ልቅ ከሆነ ኮብልስቶን ላይ ስንት ቀን ይቆያል?

*ተራ ኮፒ።* ከላይ ያየነው ነው። ፈጽሞ አይግባ አልልም። ለስታቢላይዘር ሊንክ ብገዛው አይቆጨኝም፤ ቀሽም ቢሆን የሚያመጣው ድምፅ ነው። ለቴስቲኒና ለቦል ጆይንት ግን አይሆንም። ገንዘቡ ዛሬ ካልሞላ መኪናውን ለሁለት ሳምንት አቁሞ መጠበቅ ይሻላል።

*ያገለገለ።* እዚህ ላይ ሰው ሁሉን በአንድ ይጠቀልላል፤ እኔ ለሁለት እከፍለዋለሁ። ኳስ ያለበት ዕቃ አገልግሎ ከወጣ በኋላ ስንት እንደቀረው በዓይን አይታይም። ላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ ያለቀ አለ። ስለዚህ ያገለገለ ቴስቲኒ፣ ያገለገለ ቦል ጆይንት በነፃም ቢሰጡኝ አልገጥምም። ወፍራም ብረት የሆነው ግን ሌላ ነው። ያልተጣመመ ብራቾ፣ የመሪ ክንድ፣ ሙሉ ራክ ከፈራሽ መኪና ቢወጣ ያዋጣል፤ አዲስ ራክ የመኪናውን ያህል ሊያስከፍል ምንም አይቀረው።

ያገለገለ ራክ ስትገዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ አዙሩት። እኩል ይሂድ። መሀል ላይ ልል ሆኖ ጠርዝ ላይ የሚጠነክር ከሆነ መሀሉ ተበልቷል። የላስቲክ ሽፋኑን ጫፍ ገልጣችሁ ውስጡን እዩ፤ የሃይድሮሊክ መሪ ሆኖ ዘይት ካለበት ዘይት የሚይዘው ላስቲክ (ሲል) እያለቀ ነው። ከተስማማችሁ ደግሞ ከሱ ጋር የመጡትን ራክ ኤንዶች ጥላችሁ አዲስ ግጠሙበት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዘመድ ያላችሁ በዚህ ትጠቀማላችሁ። ከመላኩ በፊት ግን ሲዞር ቪዲዮ ቀርጾ በቴሌግራም ይላክላችሁ።

*በቶርኖ ቤት የተጠገነ።* የላላ ቴስቲኒ ክዳኑን ጨፍልቆ ማጥበቅ፣ ወይም ኳሷን በብየዳ መሙላት የተለመደ ነው። ተሠርቶ ሲወጣ ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን የኳሷ ፊት ከፋብሪካ ሲወጣ ተጠንክሮ ነው፤ ብየዳው ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ክዳኑን መጨፍለቅም ያለቀውን አይመልስም። አይሆንም። በአንጻሩ የአይድለር ቦኮላ በነሐስ በቶርኖ ማስወጣት የሚናቅ አይደለም። ለላዳና ለዲኤክስ ዕቃው ሲጠፋ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ያወጣው ቦኮላ ከቀሽም ኮፒ ይበልጣል። ግሪስ የሚገባበት ቀዳዳ እንዲያወጣለት ንገሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። የግሪስ ማስገቢያ ያለው ቴስቲኒ የተሻለ ነው የሚባለው እውነት የሚሆነው በየጊዜው ግሪስ የምታስገቡ ከሆነ ነው። ካላስገባችሁ የተዘጋው ዓይነት ይሻላል።

| ምርጫ | ዋጋ | በኛ መንገድ ዕድሜው | ዋናው ስጋት | ለምን ይሁን |
|---|---|---|---|---|
| ጂኒዩን | በጣም ከፍተኛ | ረጅም | የውሸት ካርቶን፣ ለድሮ መኪና አለመገኘት | ቦል ጆይንት፣ ቴስቲኒ |
| ስም ያለው ሪፕሌስመንት | መካከለኛ | ጥሩ | አስመሳይ ዕቃ | ቴስቲኒ፣ ራክ ኤንድ፣ ቦል ጆይንት |
| ተራ ኮፒ | ዝቅተኛ | አጭር | ልቅ ኳስ፣ ስስ ላስቲክ | ስታቢላይዘር ሊንክ ብቻ |
| ያገለገለ | ይለያያል | አይታወቅም | የተደበቀ ማለቅ | ራክ፣ ብራቾ፣ ወፍራም ብረት |
| በቶርኖ የተጠገነ | ዝቅተኛ | ይለያያል | ኳስ ላይ ከተሠራ አደገኛ | የአይድለር ቦኮላ |

ሲገዙ የሚረሳ ነገር

አሮጌውን ዕቃ ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በሻንሲ ቁጥር ብቻ መግዛት እኛ አገር ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ምክንያቱም ከጃፓን በቀኝ መሪ ወጥተው መሪያቸው ወደ ግራ የዞረ መኪኖች አሉ። ሲዞር የተገጠመለት ራክ የሌላ ሞዴል ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ዕቃ ይላል፣ መኪናው ሌላ ይዟል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝታችሁ ርዝመቱን፣ የእግሩን ውፍረት፣ የጥርሱን ዓይነት አስተያዩ። የመሪ ሳጥን ባላቸው መኪኖች በአንዱ ወገን ያለው ጥርስ ወደ ግራ የሚዞር ሊሆን ይችላል።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት የማይለጠፍበት ሱቅ የለም። ቢሆንም ከመክፈላችሁ በፊት ሳይቆሽሽ፣ ሳይገጠም እንደሚቀይርላችሁ ተስማሙ። አብዛኛው ባለሱቅ እሺ ይላል።

ማን ይሥራው?

ቤት ሊሠራ የሚችለው የውጭ ቴስቲኒ፣ የስታቢላይዘር ሊንክና በብዙ መኪኖች ላይ አይድለር ነው። ራክ ኤንድ መሀል ላይ ነው፤ የራሱ ረጅም መፍቻ ስለሚፈልግ መሣሪያ ከሌላችሁ መካኒክ ግቢ ጥሩ።

ቦል ጆይንት እንደ መኪናው ነው። በቡሎን ብቻ የታሰረ ዓይነት አለ። በፕሬስ ተጨቁኖ የገባ አለ። ከብራቾው ጋር አንድ ሆኖ የመጣም አለ። ላዳ ላይ ደግሞ ሞላው፣ ማለትም ወፍራሙ ጥቅልል ስፕሪንግ፣ በታችኛው ብራቾ ላይ ተጨንቆ ነው የተቀመጠው። ቦል ጆይንቱን ያለአግባብ ብትፈቱት ሞላው በሙሉ ኃይሉ ይፈናጠራል። እሱን ጋራዥ ውሰዱ። የራክና የመሪ ሳጥን ሥራም እንደዚያው ነው። ሳጥኑ ላይ ያለችውን ማጥበቂያ ስፒል እያጠበቁ ልልነት ማጥፋት የሚያስጎመጅ ነው፤ ግን ከልክ ካለፈ መሪው ሲታጠፍ ይደርቃል፣ ወደ መሀል መመለስም ይቸግረዋል።

መካኒክ ግቢ ማስመጣት ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው። ዕቃውን ራሳችሁ ትገዛላችሁ፣ ሥራውን ታዩታላችሁ፣ ክፍያውም ከጋራዥ ያንሳል። ሁለት ነገር ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ዳዶውን የሚቆልፈውን የሽቦ ስፒል አዲስ ማስገባቱን እዩ፤ አሮጌውን አቃንቶ የሚመልስ አይጠፋም። አዲሱን ቴስቲኒ በመዶሻ እንዳይመታም ተከላከሉ።

የውጭ ቴስቲኒ ቤት ሲቀየር

ጎንደር ላይ ደልዳላ ግቢ ማግኘት ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ደልዳላ ያለው ጎረቤት ጋ ሂዱ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ለኋላ ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ አድርጉ። ኮብልስቶን ወይም አፈር ላይ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ይሁን። ክሪክ ማንሻ ነው፤ ማቆሚያ አይደለም። መኪናው በብረት ማቆሚያ ላይ ይረፍ። ብሎኬት በጭራሽ። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

ከዋዜማው ማታ ጥርሶቹ ላይ የዝገት ማላቀቂያ ርጩ። በማግስቱ የቸርኬውን ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እያለ አላሉ፤ ብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ ቁልፉ 21 ነው። መኪናውን አንሱና ጎማውን አውጡ።

አሁን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። በመጀመሪያ የሚላላው ቴስቲኒውን ከረጅሙ ዘንግ ጋር የሚቆልፈው ዳዶ ነው፤ ሩብ ዙር ብቻ። ቴስቲኒው ገና ቦታው ላይ ተይዞ ስላለ አብሮ አይዞርም። ከዚያ ጥርሱ ላይ በጥፍር ቀለም መስመር አስምሩ። ቀጥሎ የሽቦውን ስፒል አውጡና የእግሩን ዳዶ ፍቱ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አታውጡት። ከእግሩ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ።

ማላቀቂያው ሦስት ዓይነት ነው። ፑለር ንጹሑ ነው፤ መግዛት ካልቻላችሁ ከመካኒክ ተከራዩ። ሹካው ፈጣን ነው፤ ግን ላስቲክ ይቀዳል፣ ስለዚህ ለሚጣል ቴስቲኒ ብቻ ነው። ሦስተኛው መዶሻ ነው፤ እግሩን ሳይሆን እግሩ የገባበትን የብረት ጆሮ ከጎን መምታት። ሁለት ሦስት ጊዜ ደህና አድርጋችሁ ስትመቱት ቷ ብሎ ይለቃል። እግሩን ጫፉ ላይ የሚመታ ሰው ጥርሱን አበላሽቶ የባሰ ጣጣ ውስጥ ይገባል። በእሳት ማሞቅም አይነፋም፤ ጆሮው የመሪ ብረት ነው፣ ጥንካሬው ይጎዳል።

ቴስቲኒውን ከዘንጉ ስታወጡ ዙሩን ቁጠሩና ጻፉት። አዲሱን በዚያው ቁጥር መልሱ። ከመጥበቁ በፊት የእግሩን ሾጣጣ ደረቅና ንጹህ አድርጋችሁ በእጅ ጆሮው ውስጥ አስገቡት። መነቃነቅ የለበትም። ከተነቃነቀ ዕቃው የናንተ መኪና አይደለም፤ መልሱት።

ዳዶውን በመኪናው መጽሐፍ ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ) አጥብቁ። የስፒሉ ቀዳዳ ካልገጠመ የዳዶው ቀጣይ ክፍተት እስኪገጥም አጥብቁ እንጂ ለማስገጠም ብላችሁ አታላሉት። አዲስ ስፒል አስገቡና እጠፉት። የዘንጉን ዳዶም አጥብቁ። ጎማውን መልሱ፤ ብዙ የቶዮታ የቤት መኪኖች ላይ የቸርኬው ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹት። ሁለቱንም ወገን የምትቀይሩ ከሆነ በአንዴ አትፍቱ። አንዱ ያልተነካ ሆኖ ለማነጻጸሪያ ይቆይ።

አላይመንቱን መዝለል አይቻልም

ዙር መቁጠሩ መኪናውን እስከ አላይመንት ቤት ያደርሳል። ከዚያ በላይ አይደለም። አዲሱ ቴስቲኒ ከአሮጌው በርዝመት በትንሹ ቢለያይ የጎማው አቀማመጥ ይዛነፋል። በአንዱ ዘንግ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ብቻ ቢሳሳት ከጎማው ፊትና ኋላ ሲለካ በርካታ ሚሊ ሜትር ልዩነት ያመጣል፤ ያ አዲስ ጎማ በወራት ይጨርሳል። ጎማው ላይ እጃችሁን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አሻሹ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ይሄ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን መብራት መኖሩን ደውላችሁ ጠይቁ። ጎማውም ትክክለኛው ንፋስ ይኑረው፤ በጎደለ ንፋስ የተደረገ አላይመንት ገንዘብ መጣል ነው።

የሁለቱም ወገን ቴስቲኒ እኩል ዕድሜ ካለው አንድ ላይ መቀየር የሚያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው። አላይመንቱ የሚከፈለው አንዴ ነው።

እንግዲህ ማን ምን ያድርግ?

*ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ፣ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያላችሁ።* ስም ያለው ሪፕሌስመንት፣ ሁለቱም ወገን፣ ቤት ወይም መካኒክ ግቢ ጠርቶ። ከተረፈው ገንዘብ አላይመንቱን ክፈሉ።

*ወደ ደባርቅ፣ ጎርጎራ ወይም ባሕር ዳር የምትመላለሱ።* የረጅም መንገድ ሰው ቴስቲኒ ብቻ አይቶ አይሄድም። ቦል ጆይንቱንም አብራችሁ አስፈትሹ። ከላላ ጂኒዩን ወይም ጥሩ ሪፕሌስመንት ግዙ፣ ጋራዥ ይሠራ። ከደባርቅ አልፋችሁ ሊማሊሞን የምትወርዱ ከሆነ «ትንሽ ላላ ብሏል፣ ስመለስ» የሚባል ነገር የለም።

*ሚኒባስ የምታሠሩ።* ዕቃውን ለሾፌሩ ትታችሁ ራሳችሁ ካልገዛችሁ ርካሹ ነው የሚገባው። በየጊዜው መሪውን ስታስነቃንቁ ጣታችሁን ቴስቲኒው ላይ ማሳረፍ ልማድ ይሁን። የግሪስ ማስገቢያ ያለውን ምረጡ፤ እናንተ ጋ ግሪሱ በየጊዜው ስለሚገባ ያዋጣል።

*ዲኤክስ ወይም ላዳ ይዛችሁ ኪሳችሁ የሳሳ።* መጀመሪያ አይድለሩን እዩ። ብዙ ጊዜ ቦኮላ በቶርኖ አስወጥቶ ቤት መግጠም ግማሹን ልልነት ያጠፋዋል። ቴስቲኒ የግድ ከሆነ በጣም የላላውን አንዱን በጥሩ ዕቃ ቀይሩ። ሁለቱን በቀሽም ከመቀየር አንዱን በጥሩ መቀየር ይሻላል፤ ሌላው ገና ጤነኛ እስከሆነ ድረስ።

*ቦሎ ደርሶባችሁ የቸኮላችሁ።* ለዓመታዊው ምርመራ ማለፊያ ብላችሁ የተጨፈለቀ ቴስቲኒ አታስገጥሙ። ምርመራው ያለፈበት ቀን ላይ ጠበቅ ብሎ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ የምትነዱት እናንተ ናችሁ። የጊዜ ጉዳይ ከሆነ የውጭ ቴስቲኒ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጠዋት ከጀመራችሁ ከሰዓት አላይመንት ቤት ትደርሳላችሁ።

*ራክ ወይም ሳጥን ያለቀባችሁ።* ለዚህ ቤት አትጀምሩ። ያገለገለ ራክ ከላይ እንዳልኩት ፈትሻችሁ ግዙ፣ ጫፎቹን አዲስ አድርጉ፣ ጋራዥ ይግጠመው። ጋራዡ አሮጌውን ራክ «እኔ ጋ ይቅር» ሊል ይችላል። አትስጡ፤ ጥርሱ ቢያልቅም ሌላ የሚያስፈልገው ሰው ይገዛዋል።